ዞረ ማለት ተደባለቀ ማለት አይደለም

ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን በላብራቶሪው ኤርሊፍት ሪአክተር ላይ ስንሠራ ሦስት ቀን የለፋንበትን መረጃ «ተበላሽቷል» ብለን ጣልነው። ማስረከቢያው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው የተበላሸው መረጃው ሳይሆን የእኛ ግንዛቤ መሆኑ የገባን። በዚያው ኮለም ላይ ከእኛ በኋላ የሚሠሩ ተማሪዎች ስላሉ፣ ስህተታችን ምን እንደነበረ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እንደሚታወቀው ኤርሊፍት ሪአክተር በሞተር የሚዞር ማማሰያ የለውም። በረጅም ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ቀጭን ቱቦ ይቆማል፤ አየር ከታች በውስጠኛው ቱቦ በኩል ብቻ ይለቀቃል። ፈሳሹ በዚያ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ አብዛኛውን አየር ይለቃል፣ ከዚያ በውጭኛው ክፍተት ወርዶ ከታች ተመልሶ ይገባል። መውጫውን ራይዘር፣ መውረጃውን ዳውንካመር እንላቸዋለን።

ብዙዎቻችን አረፋው ፈሳሹን እየገፋ የሚያወጣው ይመስለናል። ነገሩ ግን ወደ ሚዛን ይጠጋል። አረፋ የበዛበት ውሃ ቀላል ነው፣ አረፋ ያነሰበት ከባድ ነው፤ ሁለቱ ከላይም ከታችም ስለሚገናኙ ከባዱ እየወረደ ቀላሉን ያነሳዋል። ስለዚህ ወሳኙ የአየሩ ብዛት ሳይሆን በሁለቱ በኩል ያለው የአየር ድርሻ ልዩነት ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 2 ሜትር፣ የራይዘሩ የአየር ድርሻ 10 በመቶ፣ የዳውንካመሩ 4 በመቶ ቢሆን፣ 1000 × 9.81 × 2 × 0.06 ወደ 1180 ፓስካል ይሰጠናል። ይህ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚያሳድረው ግፊት ነው። በቃ፣ ያንን ሁሉ ፈሳሽ የሚያዞረው ይህቺው ነች! እሷንም በአብዛኛው ላይና ታች ያሉት መታጠፊያዎች ይበሏታል። ቺስቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት ቀመር የተመሠረተው በዚሁ ሚዛን ላይ ነው። በቀመሩ መሠረት የፈሳሹ ፍጥነት ከልዩነቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው፤ ሌላው ባይለወጥ ልዩነቱ አራት እጥፍ ቢያድግ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያው ግራ መጋባታችን ከዚህ የመጣ ነበር። የአየሩን ቫልቭ ስንከፍት ፈሳሹ ፈጠነ፤ በኋላ ግን ብንከፍት ብንከፍት ብዙም ለውጥ የለም። ኮምፕረሰሩን ጠረጠርነው። በእርግጥ ግን ፈሳሹ ሲፈጥን ትናንሾቹን አረፋዎች ወደ ዳውንካመር ይዟቸው ይወርዳል። መጀመሪያ ምንም አይወርድም፤ ቀጥሎ አረፋዎቹ መሀል ላይ ደርሰው እንደተሰቀሉ ይቀራሉ (በመስታወቱ በኩል ሲታይ ደስ ይላል)፤ በመጨረሻ እስከ ታች ወርደው ራይዘሩ ውስጥ ተመልሰው ይገባሉ። ያኔ በሁለቱም በኩል አየር ስላለ ልዩነቱ እንደተመኘነው አያድግም። እርግጥ ኦክስጅን ለሚፈልጉ ሕዋሳት በዳውንካመሩ አየር መኖሩ ክፉ አይደለም።

መረጃውን ያስጣለን ግን ሁለተኛው ነገር ነው። ጥቂት የጨው ውሃ ከላይ ጨምረን በዳውንካመሩ ውስጥ የኮንዳክቲቪቲ ሜትር አስቀመጥን። ንባቡ ቀስ እያለ አድጎ ይረጋል ብለን ነበር። እሱ ግን ዘለለ፣ ወረደ፣ ደግሞ ዘለለ። «እንዴ፣ ሜትሩ አብዷል!» ተባባልን። በኋላ መምህራችን ግራፉን አይተው «በሁለቱ ጉብታዎች መሀል ስንት ሰከንድ አለ?» ብለው ጠየቁን። ለካ ክፍተቱ እኩል ነበር።

የ10,000 ሜትር ሩጫ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሯጮቹ ተጠጋግተው ነው በፊታችን የሚያልፉት፤ ከዚያ ሜዳው ለአፍታ ባዶ ይሆናል፣ ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ። ዙሩ ሲበዛ ይበታተናሉ። ጨዋማው ውሃም እንዲሁ ነው፤ በተለይ በዳውንካመሩ ውስጥ እምብዛም ሳይበታተን ተያይዞ ይወርዳል። በአብዛኛው የሚደባለቀው ላይኛው ክፍል ላይ ነው፤ እዚያ ፈሳሹ ይዘገያል፣ ይታጠፋል፣ አረፋውም ያተራምሰዋል። በጉብታዎቹ መሀል ያለው ጊዜ የአንድ ዙር ጊዜ ነው፤ ጉብታዎቹ ጠፍተው ንባቡ እስኪረጋ ያለው ደግሞ የመደባለቂያ ጊዜ ነው። ይህኛው ብዙ ዙሮችን ይፈጃል። እኛ ሁለቱን አንድ አድርገን ነበር የቆጠርነው።

ይህ የላብራቶሪ ጣጣ ብቻ አይደለም። አይሲአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቢሊንግሃም 1500 ሜትር ኩብ በሚይዝ ኤርሊፍት ውስጥ ሜታኖል የሚመገብ ባክቴሪያ ያሳድግ ነበር። በዚያ ግዝፈት ሜታኖሉን በአንድ ቀዳዳ ብቻ መልቀቅ ማለት ቀዳዳው አጠገብ ያለውን ባክቴሪያ መጉዳት፣ ራቅ ያለውን ደግሞ ማስራብ ነው። ስለዚህ ምግቡ በሪአክተሩ ውስጥ በተበተኑ በርካታ መግቢያዎች ነበር የሚገባው። ፈሳሹ ይዞራል፤ ግን እስኪደባለቅ መጠበቅ አይቻልም።

ሙከራውን ስንደግመው ሌላም ጥፋት አገኘን። በመጀመሪያው ጊዜ በአንዱ ውሃ ላይ ስድስት ጊዜ ጨው ጨምረን ነበር። ጨው ሲበዛ አረፋዎቹ እርስ በርስ እንዳይዋሃዱ ያደርጋል፤ አረፋው ደቃቅ ሲሆን የአየሩ ድርሻ ይለወጣል፣ ከእሱም ጋር ፍጥነቱ። እንለካው ያልነውን ራሳችን እየቀየርነው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ውሃ ሞላን፣ ጨዉንም ቀነስን፣ ንባቡን በየሰከንዱ መዘገብን። ሪፖርቱ የተረከበው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ የጣልነው ግራፍም ከአዲሶቹ ጎን በአባሪ ገብቷል።