የወተት ጥርስና የጥርስ ፌሪ
የሕፃናት እምነት በቤተ ሰብ ውስጥ ስለሚጠበቅበት አኳኋን

የሰው ልጅ 20 የወተት ጥርሶች ሲኖሩት፣ እነዚህ በስድስት ዓመት ዕድሜ ግድም መውለቅ ጀምረው እስከ 12 ዓመት ገደማ በየተራ ይተካሉ። ሕፃን ከገዛ አካሉ የተለየውን ክፍል በእጁ ይዞ የሚመለከተው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የወለቀ ጥርስ እንደ ጥራጊ አይጣልም። በጃፓን የታችኛው ጥርስ ወደ ጣሪያ፣ የላይኛው ደግሞ ወደ ወለል ሥር ይወረወራል፤ ምኞቱም አዲሱ ጥርስ ወደዚያው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ነው። ጥርስን ጣሪያ ላይ መወርወር በኢትዮጵያም የታወቀ ልማድ ነው።

በእንዲህ ያለው ልማድ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ሕፃኑ ራሱ ነው፤ ጥርሱ ከእጁ እንደ ወጣ ነገሩ ያበቃል። በሌላ ወገን ደግሞ ጥርስ በስጦታ የሚለወጥበት ልማድ አለ። በፈረንሳይና በስፔን ለዋጯ አይጥ ስትሆን፣ በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ፌሪ የምትባል ረቂቅ የተረት ፍጥረት ናት። ሕፃኑ ጥርሱን ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል፤ ሲነቃ በጥርሱ ፋንታ ገንዘብ ያገኛል። ይህ እንዲፈጸም ግን ሌላ ሰው በሌሊት ተነሥቶ በስውር መሥራት አለበት። ስለዚህ የሚመረመረው ጉዳይ ሕፃኑ ለምን ያምናል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ እምነቱን ማን፣ በምን ዘዴና ለማን ሲል ይጠብቀዋል የሚለውም ነው።

የልማዱ የጽሑፍ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ ይሰጣል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በ1894 ኢየሱሳዊው ካህን ሉዊስ ኮሎማ ለስምንት ዓመቱ የስፔን ንጉሥ ለአልፎንሶ 13ኛ የጻፈው የአይጡ የፔሬዝ ተረት ለሕፃን የተነገረ ነበር። በ1908 ቺካጎ ትሪቢዩን በተባለው ጋዜጣ የወጣውና ስለ ጥርስ ፌሪ ከሚታወቁት ጽሑፎች እጅግ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ግን የተጻፈው ለእናቶች ነው። ጽሑፉ፣ የተነቃነቀ ጥርሱን ለማስነቀል እንቢ የሚል ልጅ ስለ ፌሪዋ ቢነገረው እሺ እንደሚል ከገለጸ በኋላ፣ እናቶች ለዚሁ ጊዜ የሚሆኑ የአምስት ሳንቲም ዕቃዎችን አስቀድመው ገዝተው እንዲያኖሩ ይመክራል። ለሕፃናት የተዘጋጀው የኤስተር ዋትኪንስ አርኖልድ ቴያትር የታተመው ከዚህ በኋላ በ1927 ነው።

እምነቱ የሚጠበቅበትን ዘዴ ለመረዳት ከተረት ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የአማርኛ ተረት ነጋሪ ነገሩን የሚከፍትበትና የሚዘጋበት የታወቀ ቃል አለው። ሕፃኑ ያን ቃል ሲሰማ ከዕለት ኑሮ ወጥቶ ወደ ተረት መግባቱን፣ በመጨረሻም መመለሱን ያውቃል፤ አውሬዎች ሲነጋገሩ ቢሰማም ነጋሪውን ዋሸህ አይለውም። የጥርስ ፌሪ ግን እንዲህ ያለ መክፈቻና መዝጊያ የላትም። የምትመጣው እንደ ዕለት ኑሮ ነገር ሆና፣ የሚዳሰስ ማስረጃ ይዛ ነው። ከዚህም በላይ እንደ ገና አባት የታወቀ መልክና ልብስ ስለሌላት፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ እንደ ወደደ ይሥላታል። የምትመጣበት ቀን አስቀድሞ ስለማይታወቅም ወላጅ የሚረሳበት ሌሊት አለ። ጥርሱ በማግሥቱ ከነበረበት ከተገኘ፣ ፌሪዋ በዚያ ሌሊት ብዙ ልጆች ስለነበሩባት ነው ይባላል፤ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶችም ምሥጢሩን እያወቁ ነገሩን ያጸናሉ።

አርኖልድ ቫን ጌኔፕ በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ከአንድ የኑሮ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚደረጉትን ሥርዓቶች በመለየት፣ በመሸጋገርና በመቀላቀል ከፍሏቸዋል። ጥርሱን ያጣው ሕፃንም ከሕፃንነት ተለይቶ፣ ሌሊቱን ተሻግሮ፣ በማለዳ የታላላቆቹን ገንዘብ ይዞ ይነሣል። ሲንዲ ዴል ክላርክ በ1995 ባሳተመችው የአሜሪካ ሕፃናት ጥናት እንዳስረዳችው፣ ልጁ በዚህ ማደጉን ሲያይ፣ እናት ግን የልጅዋ ሕፃንነት ትንሽ እንዲቆይላት ትሻለች። እንግዲህ አንዱ ሥርዓት ሁለት ተቃራኒ ምኞቶችን ይሸከማል።

ከዚህ የሚነሣው ከባድ ጥያቄ የወላጅ ቃል ነገር ነው። እውነትን ተናገር ብሎ የሚያስተምር ወላጅ ሐሰትን በማስረጃ ሲያጸና፣ በተገለጠ ጊዜ መታመኑን አያጣምን? ካርል አንደርሰንና ኖርማን ፕሬንቲስ በ1994 ባወጡት ጥናት ስለ ገና አባት 52 ሕፃናትንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው ነበር። ሕፃናቱ በአብዛኛው በሰባት ዓመት ግድም እውነቱን በራሳቸው ደርሰውበታል፤ ስሜታቸውም ይበልጡን መልካም ነበር። ያዘኑት ይልቁንም ወላጆቹ ናቸው። ጥናቱ ስለ ጥርስ ፌሪ ባይሆንም፣ የእምነቱ ማብቃት ለማን እንደሚከብድ ያመለክታል። ምሥጢሩን ያወቀ ልጅ ብዙ ጊዜ ለታናናሾቹ ጠባቂ ስለሚሆን፣ እምነቱን ቢያጣም ከታላላቆቹ ጋር ተቆጥሮ ሌላ ስፍራ ያገኛል።

ይህ ነገር በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት በተለየ መልክ ይታያል። ልጁ የፌሪዋን ወሬ ከትምህርት ቤት ይዞ ሲመጣ፣ ወላጆቹ በልጅነታቸው ያላመኑበትን እምነት እንዲጠብቁ ይሆናል። የጓደኞቹ ትራስ ገንዘብ ሲያስገኝ የእርሱ ባዶ ቢሆን ልጁ እንደ ተረሳ ይቈጥረዋል፤ ስለዚህ ወላጁ በሌሊት ተነሥቶ ሳንቲም ያኖራል። በዚህ ቤት ልማዱ የተላለፈው ከልጅ ወደ ወላጅ ነው። ልማድ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይወርዳል ብሎ ለሚያስብ ተመራማሪ፣ የዚህ ቤት ምሳሌ ሊመዘገብ የሚገባው ነው።