ከጭብጨባው በፊት እርማቱ

ሰሞኑን እዚህ ኦሮራ፣ ከሀቫና ጎዳና ብዙም በማይርቅ አዳራሽ፣ ወገኖቻችን ባዘጋጁት የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት ላይ ተገኝተን ነበር። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መድረክ ላይ ወጣና ግጥም አነበበ። ገዥዎችን የሚረግም ስንኝ በመጣ ቁጥር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። እኛም አጨበጨብን። በኋላ በር ላይ አግኝቶን «ጋሼ፣ እንዴት ነበር? መጽሐፍ ላወጣ ነው» ቢለን፣ «ግሩም ነው፣ በርታ» አልነው። ዋሸነው! ቤታችን ስንደርስ ከግጥሙ አንዲት ሐረግ እንኳ አላስታወስንም።

የጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች እንዲህ አይዋሹም። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ይነሣል። ከዛፍ ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን «ይቆጥራል»፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። ቤቱ ከተዛባ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተስማሙ ይታረማል፤ በማግስቱም እንደገና ይሞክራል። ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው በእርማት ብዛት ነው።

የአማርኛ ግጥምም የራሱ ልኬት አለው። የቅኔው ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማ፣ ስለ አማርኛ ስንኝ አሠራር በ1963 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል። የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም እየተቆጠረ ይሄዳል። በ2006 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ያረፉት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ የተራቀቁበት ባለ ስምንት ቀለም ስልት «የጸጋዬ ቤት» እስከ መባል ደርሷል። «እኔ ነፃ ግጥም ነው የምጽፈው» የሚል ይኖር ይሆናል። መልካም፤ ነገር ግን ነባሩን ቤት ለማፍረስም ምሰሶው የት እንደ ቆመ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን ስንል እኛ ንጹሕ ነን ለማለት አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አገር ቤት የአንድ የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ሳለን፣ ግንቦት 20 በደረሰ ቁጥር የውዳሴ ግጥም ይጎርፍልን ነበር። ስንኙ ሲያነክስ እያየን፣ መልእክቱ «ትክክል» ስለሆነ ብቻ እናወጣው ነበር። ታዲያ ዛሬ በስደት ላይ ሆነን፣ ውግዘት ስለሆነ ብቻ የምናጨበጭበው ከዚያ በምን ይለያል? መድረኩ ተለወጠ እንጂ አመላችን ያው ነው። ስለ ታሰረና ስለ ሞተ ወገን የተጻፈ ግጥም በማግስቱ ከተረሳ፣ የተረሳው ግጥሙ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ወንድማችን ሆይ፣ መቶ ሰው ከማጨብጨቡ በፊት አንድ ሰው ያርምህ። ስንኝህን በጣትህ ቁጠር፤ ጮክ ብለህ ለራስህ አንብበው፤ ምላስህን ያደናቀፈህን ቃል አውጣው። የቀደሙትን አንብብ፤ የምትወደውንም በቃልህ ያዝ። መጽሐፉ አንድ ዓመት ቢቆይ አይከፋም። እኛ ገጣሚ ባንሆንም ማንበብ እንችላለን። አንድ እሑድ ግጥምህን ይዘህ ብቅ በል፤ ቡናው ከኛ ነው። በዚያን ምሽት ልንነግርህ የሚገባንን ያን ጊዜ እንነግርሃለን።

ቸር እንሰንብት።