ምልክቱን አይቶ ትርጉሙን ማግኘት፦ የዲጂታል የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት እንዴት ይሠራል?

በሐዋሳ ከተማ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ መስማት የተሳነው ታካሚ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሕመሙን በምልክት ቢናገር፣ ምልክቱን የማያውቀው ባለሙያ ትርጉሙን ከየት ያገኛል? በፊደል ተራ የተደረደረ መጽሐፍ አይረዳውም። «ትኩሳት» የሚለውን ቃል የያዘ ሰው ምልክቱን ያገኛል፤ ምልክቱን ብቻ ያየ ሰው ግን የትኛውን ገጽ እንደሚገልጥ አያውቅም።

የዲጂታል መዝገበ ቃላት ዋና ጥቅም ይህን ችግር መፍታቱ ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ዊልያም ስቶኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ባሳተመው ጥናት፣ ምልክቶች ከእጅ ቅርጽ፣ ከቦታና ከእንቅስቃሴ የተዋቀሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2011 ይፋ የሆነው የኒውዚላንድ የምልክት ቋንቋ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ፍለጋውን በዚሁ ላይ መሥርቷል። ተጠቃሚው ያየውን የእጅ ቅርጽና ምልክቱ የተሠራበትን የሰውነት ክፍል ሲመርጥ፣ ተመሳሳይ ምልክቶች ከነቪዲዮአቸው ይቀርቡለታል።

ይሁንና የሌላ አገር መዝገበ ቃላት እንዳለ ሊወሰድ አይችልም፤ የምልክት ቋንቋ በዓለም ላይ አንድ አይደለምና። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሲሆን፣ የአማርኛም ሆነ የሲዳምኛ የእጅ ትርጉም አይደለም። የእጅ ፊደሉም ከግዕዝ ፊደል ጋር የተስማማ ነው፤ የእጅ ቅርጹ ፊደሉን ሲያመለክት፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ።

ለአገራዊ ሥራ መሠረቱ አለ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር መዝገበ ቃላት አሳትሟል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ቋንቋውን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። ቀጣዩ ሥራ እያንዳንዱን ምልክት መስማት በተሳናቸው ተናጋሪዎች በቪዲዮ መቅረጽ፣ በቅርጽና በቦታ መለየት፣ ከአካባቢ አካባቢ የሚለያዩ ምልክቶችንም ጎን ለጎን ማኖር ነው። የኢንተርኔት መስመር በሚቆራረጥባቸው የገጠር ቀበሌዎች እንዲያገለግል ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ ስልክ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ሊሆን ይገባል።

መዝገበ ቃላት አስተርጓሚን አይተካም። የፊት ገጽታ ጥያቄን ከመግለጫ በሚለይበት ቋንቋ፣ ነጠላ ቃል ማወቅ ብቻውን ሐኪምን ከስሕተት፣ ዳኛንም ከተዛባ ፍርድ አያድንም። መስማት የተሳነው ልጅ ላላቸው ወላጆች ግን «ውኃ»፣ «አመመኝ»፣ «ፈራሁ» የሚሉትን ምልክቶች ቤት ውስጥ መማር፣ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ሳይጠብቁ ከእርሱ ጋር መነጋገር የሚጀምሩበት መንገድ ነው።