በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ መኪና ለበጎ አድራጎት ሲሰጥ

ከቦሌ አንሥቶ በገርጂና በመገናኛ በኩል እስከ አያት በሚዘልቀው የከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል የሚነግዱ ወገኖች በንፉግነት የሚታሙ አይደሉም። አንዱ ለአረጋውያን መጦሪያ እህል ይጭናል፤ ሌላው ለሕሙማን ብርድ ልብስ ይገዛል፤ ስለቱ የሰመረለትም መኪናውን ከነቁልፉ ያስረክባል። በአያት አካባቢ እንደሚገኘው እንደ መቄዶንያ ላሉ መርጃ ማዕከሎች፣ ደካማውን ከጎዳና ለማንሣትና በሽተኛውን ወደ ሐኪም ለማድረስ፣ ተሽከርካሪ ትልቅ ስጦታ ነው። ይሁን እንጂ ከምስጋናው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ሊመለስ ይገባል፤ ይኸውም መኪናው የማን ነው? የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በከተማችን ብዙ መኪና በውክልና እንደሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ገዢው ዋጋውን ከፍሎ መኪናውን፣ ሊብሬውንና የውክልናውን ወረቀት ይረከባል፤ ስም ማዛወሩን ግን ወጪውን ፈርቶ ወይም ጊዜ አጥቶ ለነገ ያሳድረዋል። በዚህ መንገድ መኪናው ሁለትና ሦስት እጅ ሲያልፍ በመዝገብ ያለው የፊተኛው ሰው ስም እንዳለ ይቀራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2427 እንደሚያስረዳው፣ ስጦታ ማለት ሰጪው ከራሱ ንብረት ለሌላው የሚያደርገው ችሮታ ነው። በቁጥር 2205 ደግሞ ወኪል የሆነ ሰው ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር ስጦታ ሊያደርግ እንደማይችል ተደንግጓል። እንግዲህ በእጃችን ያለው ወረቀት «እንዲያስተዳድር፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ መስጠትን አይጨምርም ማለት ነው።

በገዛ ስማችን የተመዘገበውም ቢሆን ሁልጊዜ የብቻችን ነው ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ100 ብር የበለጠ የጋራ ንብረት በስጦታ ሲተላለፍ የባልና የሚስት ስምምነት እንዲኖር ያዝዛል። በንግድ ማኅበር ስም የተገዛው መኪና የማኅበሩ እንጂ የሥራ አስኪያጁ አይደለም፤ አስኪያጁ ለግል ስለቱ ሊያውለው አይችልም። ለባንክ ብድር መያዣ የሆነውም ባንኩ ሳይፈቅድ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባውም ቀረጡና ታክሱ ሳይከፈል ተመሳሳይ መብት ለሌለው ወገን ሊተላለፍ አይገባም።

አንዳንድ ሰው «ተቀባዩ በቅን ልቡና የተቀበለ ስለሆነ ሕግ ይጠብቀዋል» ይል ይሆናል። ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1161 በቅን ልቡና ንብረት ለያዘ ሰው ከለላ የሚሰጠው ዋጋ ያለው ውል የተዋዋለ እንደ ሆነ ነው። መርጃ ማዕከሉ ግን ዋጋ አልከፈለምና በዚህ ከለላ ሥር ሊጠለል አይችልም።

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በውክልና የገዛትን ሚኒባስ ለአረጋውያን ማዕከል ሰጠ እንበል። ማዕከሉ ጎማዋን ለወጠ፣ ሞተሯን አሳደሰ፣ ሾፌር ቀጠረ። ከዓመት በኋላ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ዐረፈ። በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልናው በወካዩ ሞት ይቀራል። ወራሾቹም በመዝገብ ያለውን ስም ይዘው ሚኒባሷን ቢጠይቁ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ የምትቆመው ሽማግሎቹን ወደ ሕክምና ስታመላልስ የነበረችው መኪና ናት። ሰጪው ተመስግኖ ወደ ሱቁ ተመልሷል፤ ጉዳቱ የወደቀው ሊረዳቸው በፈለጋቸው ሰዎች ላይ ነው።

በመዝገብ ስሙ የቀረውም ሰው ከሥጋት አይድንም። በዚሁ ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ፣ ኃላፊ ነው። ስለዚህ ሻጩ ስሙን ሳያዛውር ዝም ማለቱ፣ ባላየው መንገድና ባላወቀው ሾፌር ምክንያት ፍርድ ቤት ሊያስቆመው ይችላል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። መኪና ለመስጠት ያሰበ ሰው በመጀመሪያ በሊብሬው ላይ ያለውን ስም ይመልከት፤ የሌላ ሰው ከሆነ ያን ሰው በሕይወቱ ሳለ ፈልጎ ስም ያዛውር፣ ወይም መስጠትን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና ይቀበል። ቀጥሎም መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ያጣራ፤ የትዳር ጓደኛውን ወይም የማኅበሩን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ከዚያም የስጦታው ውል በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይረጋገጥና ሊብሬው በማዕከሉ ስም ይዙር፤ የሦስተኛ ወገን መድኑም በአዲሱ ባለቤት ስም ይሁን። ተቀባዩ ማዕከልም ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ሊያፍር አይገባውም፤ ቁልፍ ብቻ ተቀብሎ ማደር ለሚጦራቸው ሰዎች አይበጅም።

ስም ለማዛወር ያልቻለ ለጋስ ደግሞ የሚሰጠው አያጣም። ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ የሾፌር ደመወዝ፣ እነዚህ ሁሉ ሊብሬ የማይጠየቅባቸው ስጦታዎች ናቸው። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋልና፣ ምጽዋታችን ከገዛ እጃችን የወጣ ይሁን።