ከእንጦጦ ቍልቍል፤ የደጋው ልጅ በአዲስ አበባ

ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐ ቤቴ ለትምህርት ወይም ለመንግሥት ሥራ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ወጣት፣ የመጀመሪያውን ዓመት የሚፈጽመው በመርካቶና በፒያሳ መካከል ሲመላለስ ነው። አጎቱ ከአገር ቤት መጥተው «እስቲ ከተማውን አሳየኝ» ያሉት እንደ ሆነ የሚያሳያቸው ይጠፋዋል። ይህም የሚያሳዝን ነው፤ በዚህች ከተማ ያሉት የብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናትና ቤተ መዘክሮች ታሪክ ከተወለደበት ደጋ ጋር የተያያዘ ነውና።

እንደሚታወቀው የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚቈጠረው ከመንዙ ሰው ከነጋሢ ክርስቶስ ነው። ተከታዮቹ ወደ ይፋት ወርደው አንኮበርን ከተማቸው አደረጉ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ በምኒልክ ዘመን መናገሻው እንጦጦ ላይ ወጣ፤ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውሃ ተወርዶ አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ጉብኝትዎን ከመሐል ከተማ ሳይሆን ከእንጦጦ ይጀምሩ።

በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በግቢው ካለው ቤተ መዘክር የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳትና ዕቃ ያያሉ። በጾም ቀን ቅዳሴ ዘግይቶ ስለሚወጣ ሰዓቱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ፎቶግራፍም ሳያስፈቅዱ አያንሡ።

ከእንጦጦ ወርደው ስድስት ኪሎ ሲደርሱ ግን አይቸኩሉ። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቀድሞ የአጼ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ገነተ ልዑል ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ለትምህርት ተሰጠ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር የሚገኘው በዚሁ ሕንጻ ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ሳይቀር ተጠብቆ ይታያል። ከደጅ ፋሺስቶች በሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመታት ቍጥር ያሠሩት ደረጃ ቆሟል። ከጫፉ ላይ ከነጻነት በኋላ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል፤ ከዚህ የበለጠ መልስ ለፋሺስት የተሰጠ አይመስለኝም።

እኛን የደጋ ሰዎች በዚህ ግቢ ይልቁን የሚያቆመን የራስ አበበ አረጋይ ነገር ነው። ራስ አበበ አምስቱን የጠላት ዓመታት በሸዋ ተራሮች ሲዋጉ ኖሩ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ጣሊያኖች በመንዝ አገር በዘረት ዋሻ የተጠለሉትን የእርሳቸውን ወገኖች፣ ቁስለኞችን፣ ሽማግሌዎችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጁ። ጠላት በዱር በገደል ያላገኛቸው እኒህ አርበኛ ግን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በገነተ ልዑል አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ በወገን ጥይት ወደቁ። ጎብኚ ሁሉ መኝታ ቤቱን አይቶ ይወጣል፤ ይህን የሚያነሣ ጥቂት ነው። አጎትዎን ይዘው ከሄዱ እርሳቸው ስለ ዘረት የሚነግሩዎት ይኖራቸው ይሆናል።

ከግቢው በር ፊት ለፊት የየካቲት 12 ሐውልት አለ። ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ዝቅ ሲሉ ብሔራዊ ሙዚየምን ያገኛሉ። በ1967 ዓ.ም. በአፋር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠረችው ድንቅነሽ ስሟ የሚጠራው በዚህ ነው፤ ለሕዝብ የሚታየው በአብዛኛው አምሳያዋ መሆኑን ግን ይወቁ። የአጼ ኃይለ ሥላሴን ትልቅ የእንጨት ዙፋንም ሳያዩ አይውጡ።

ሁሉን በአንድ ቀን ለማዳረስ መሮጥ እግር ማድከም ነው። አራት ኪሎን ለሌላ ቀን ያቆዩት። በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አጼ ኃይለ ሥላሴ ከጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከእቴጌ መነን ጋር አርፈዋል፤ በግቢው አርበኞችም ተቀብረዋል። በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ባለው በበዓታ ምድር ቤት ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ አሉ። የመንዙ ነጋሢ ዘር እዚህ በእብነ በረድ ሥር ተኝቷል።

ፒያሳ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ነው። ታቦቱ በ1888 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋር አድዋ ዘምቷል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቃጠሉት፤ ከነጻነት በኋላ ታድሶ በአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች አጌጠ። ጫማዎን አውልቀው ይግቡና፣ ፀሐይ በመስኮቱ መስታወት ስትገባ ቀና ብለው ይመልከቱ።