ያ ፎቶ የማን ነው?

ፎቶ ቤቶች በራፍ ላይ፣ መስታወት ውስጥ የተደረደሩትን የሙሽሮች ፎቶዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሳ፤ ያ ፎቶ የማን ነው? ያነሳው ባለሙያ? ከፍለው ያስነሱት ሙሽሮች? ወይስ ጥግ ላይ ቆማ የምትስቀው ሚዜ?

ነገሩ የሚወሳሰበው በአንድ ፎቶ ላይ ሁለት የተለያዩ መብቶች ተደራርበው ስለሚገኙ ነው። አንዱ የሥራው መብት ነው፤ ማለትም ምስሉን የማባዛት፣ የማሳተምና የመሸጥ። ሌላው የመልክ መብት ነው፤ ይህ ደግሞ ካሜራው ፊት የቆመውን ሰው ይመለከታል።

ከመልኩ እንጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 27 ላይ፣ የአንድ ሰው ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ለሽያጭ ሊቀርብ እንደማይችል ይደነግጋል። ያኔ ቴሌግራምም ቲክቶክም አልነበሩም፤ የፎቶ ቤት መስታወት ግን ነበረ! ስለዚህ ባለሙያው ሙሽሮቹን ሳያስፈቅድ ፎቷቸውን ለማስታወቂያ ቢሰቅል ከዚህ አንቀጽ ጋር ይጋጫል። ሚዜዋም ብትሆን «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ማለት ትችላለች።

አንቀጽ 28 ደግሞ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ሰውየው ዝነኛ ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ጉዳዩ ለፍትሕ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት የሚፈለግ ከሆነ፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተደረገ ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ጃንሜዳ ላይ ጥምቀትን ስታነሱ እያንዳንዱን ሰው ማስፈረም አይጠበቅባችሁም ማለት ነው። ግን ከዚያ ሕዝብ መሃል የአንዷን ልጅ ፊት ቆርጣችሁ ለለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ብትሸጡትስ? በእኔ አስተያየት ያኔ የምትሸጡት የልጅቷን መልክ እንጂ በዓሉን አይደለም። በጽሑፍ አስፈቅዱ።

አሁን ወደ ሥራው መብት እንምጣ። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች «የተጫንኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የእኔ ነው» ይላሉ። በመርህ ደረጃ ልክ ናቸው። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ብዙዎች የማያዩት ነገር ይዟል፤ ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመብቱ ባለቤት አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው። እዚህ ላይ ሙሽሮቹ አሸነፉ! አሜሪካ ሂዱና ነገሩ ይገለበጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በግሉ የሚሠራ ሐበሻ ፎቶ አንሺ ሠርግ ቢያነሳ፣ በፊርማ ለሌላ ካላስተላለፈው በቀር የቅጂ መብቱ የራሱ ነው። ያው ሠርግ፣ ያው ካሜራ፣ ሌላ ባለቤት።

ጊዜውም አጭር ነው። በአዋጁ መሠረት ለአንድ መጽሐፍ የሚሰጠው ጥበቃ የደራሲውን ዕድሜ ዘልቆ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ለፎቶ ግን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በ20 ዓመታችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ጥበቃው 45 ሲሞላችሁ ያበቃል። ትንሽ አይቆጭም?

እንግዲህ «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለዋን ሐረግ ያዙልኝ። ቀብድ የምትቀበሉበት ቀን አንድ ገጽ ውል ጻፉ፤ ፎቶውን ማን ማባዛት እንደሚችል፣ ዋናው ፋይል ለማን እንደሚሰጥ፣ ፎቶ ቤቱ መስታወት ውስጥ ወይም ገጹ ላይ ማውጣት ይችል እንደሆነ። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ማስፈረም ከባድ ነው፤ ሙሽሮቹ አልበሙን ወስደዋላ!