ስለ ወረርሽኝ በነፃ መማር ይቻላል



ተቅማጥ ወደ ሠፈር በገባ ቁጥር «ከየት መጣ? ለምንስ እነዚያን ትቶ እነዚህን ያዘ?» እያልን እንጠያየቃለን። ለዚህ ጥያቄ በቁጥርና በማስረጃ መልስ የሚፈልገው ትምህርት ኤፒዲሚዮሎጂ ይባላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ብሎክ 12 ልጆች፣ በሌላው 8 ልጆች ታመሙ እንበል። የባሰው የትኛው ነው? «12 የታመሙበት» ለማለት አትቸኩሉ። በፊተኛው ብሎክ 400 ልጆች፣ በኋለኛው 100 ብቻ ቢኖሩ፣ በፊተኛው ከመቶ 3፣ በኋለኛው ከመቶ 8 ታመዋል ማለት ነው። ስለዚህ ውኃውና መጸዳጃው ቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የኋለኛው ብሎክ ነው። «ስንት ታመመ?» ከማለት «ከስንቱ ስንት ታመመ?» ብሎ መጠየቅ የትምህርቱ ግማሽ ነው ብል አላጋነንኩም።

ይህን ለመማር የግድ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮናልድ ላፖርትና ባልደረቦቻቸው «ሱፐርኮርስ» የተባለ የሌክቸር ክምችት በኢንተርኔት ጀመሩ። የብዙ አገር ምሁራን ያዘጋጁትን ሌክቸር ያለ ክፍያ ሰጡ፤ ማንኛውም መምህር ወስዶ እንዲያስተምርበት ነው። ኢንተርኔት ለሚያስቸግራቸውም በሲዲ ተሠራጭቷል። በ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኢራኗ ባም ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ ስለ አደጋው የሚያስረዳ ሌክቸር ሳይውል ሳያድር ተዘጋጅቶ ለመምህራን ተላከ።

የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከልም 6 ትምህርቶች ያሉት፣ መልመጃው ከነመልሱ የቀረበበት መጽሐፍ በነፃ አውጥቷል። ሦስተኛው እትሙ የ2006 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ፤ ስላይድ አስረጂ ከሌለው አጥንት እንጂ ሥጋ የለውምና።

በመጽሐፉ መጀመሪያ የእንግሊዛዊውን ሐኪም የጆን ስኖውን ታሪክ ታገኛላችሁ። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኮሌራ የገደላቸው ሰዎች የኖሩበትን ቤት በካርታ ላይ ምልክት አደረገ። ምልክቶቹ በብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማቹ። ማስረጃውን ለአካባቢው ሹማምንት አቅርቦ የፓምፑን እጀታ አስነቀለ። ሮበርት ኮኽ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ያሳወቀው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው! እርግጥ ወረርሽኙ እጀታው ከመነቀሉ በፊት መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ይህን ራሱ ስኖው አልሸሸገም።

የሚያስቸግረው እንግሊዝኛው ነው። ሁለት ቃላት ከወዲሁ ያዙ፦ ኢንሲደንስ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አዲስ የታመሙትን ይመለከታል፤ ፕሪቫለንስ ግን አዲስም ሆነ ነባር፣ በዚያ ጊዜ ታመው የሚገኙትን ሁሉ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ የብሎኩን ካርታ ሲሥል የትኛው ቤት ከየትኛው ቧንቧ እንደሚቀዳ የምታውቁት እናንተ ናችሁና አግዙት። የታመመ ሰው ስም ግን በካርታው ላይ አይጻፍ። ልጅ ብርቱ ተቅማጥ ከያዘውም ካርታው ይቆይና በፍጥነት ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፤ በመንገድም ኦ.አር.ኤስ. እየሰጣችሁት።

መጽሐፉ አንዴ በፍላሽ ከተገለበጠ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። መልመጃውን መልሱን ሳታዩ በደብተራችሁ ሥሩ።